ዝናቡን የሚውጥ መሬት

ባለፈው ክረምት ጭሮ መናኸሪያ ውስጥ፣ ባዶ ቢጫ ጄሪካኖች በገመድ አስረው የመቻራን መኪና የሚጠብቁ እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። «ሌሊቱን ሲጥል ያድራል፤ ሲነጋ መሬቱ ውጦታል። የት ይገባል ልጄ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

መቻራ ያለችበት ዳሮ ለቡ ወረዳ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ አለው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲሰርግ ድንጋዩን ያሟሟዋል፤ ስንጥቁ ቦይ፣ ቦዩ ዋሻ ይሆናል። አቸሬ፣ አይናጌና ሩኪየሳ የተባሉት የመቻራ ዋሻዎች፣ የባሌው ሶፍ ዑመርም፣ እንዲህ የተፈለፈሉ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከመቻራ ዋሻዎች የተወሰደ ስታላግማይትን የጥንት ዝናብ መዝገብ አድርገው አንብበዋል። ስታላግማይት ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ያለው ውሃ ኖራውን ንብብር በንብብር እየጣለ ያቆመው ዓምድ ነው። የእናቲቱ ዝናብ የሚገባው እነዚያ ቦዮችና ዋሻዎች ውስጥ ነው።

የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪን የሚፈትነውም ይኸው ነው። ውሃው በአሸዋ ውስጥ እንዳለ ውሃ ተሰራጭቶ አይቀመጥም፤ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። አንድ የቀድሞ የቁፋሮ ሠራተኛ እንዲህ አጫወተኝ፦ «መሰርሰሪያው ድንገት ባዶ ላይ ይወድቃል። የላክነው ጭቃ ተውጦ ይቀራል፤ ከጉድጓዱ የሚመለስ ነገር የለም። ሕዝቡ ከብቱን ይዞ መጥቶ ቆሟል እኮ! የማንን ዓይን ታያለህ? ትንሽ ፈቀቅ ብንል ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ።»

ፈቀቅ የሚባለው ወዴት እንደሆነ ለመገመት የሚረዳ ዘዴ አለ። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርገር እ.ኤ.አ. በ1912 ኖርማንዲ ውስጥ መሬት ላይ ኤሌክትሮዶች ተክሎ፣ በሁለቱ ኮረንቲ እየላከ፣ በሌሎቹ ሁለት መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለካ። ዛሬ በአሥር የሚቆጠሩ ኤሌክትሮዶች በአንድ ገመድ ይደረደራሉ፤ መሣሪያው አራት አራቱን እየመረጠ ይለካል፤ ኮምፒውተር ልኬቱን ወደ ምድር ውስጥ ምስል ይለውጠዋል። ድፍን የኖራ ድንጋይ ኮረንቲን በእጅጉ ይቋቋማል፤ አየር የሞላው ዋሻ ከዚያም ይብሳል፤ ውሃ የሞላው ስንጥቅ ግን ያሳልፋል። ሸክላም ያሳልፋል፤ ምስሉን ብቻ ያመነ ሸክላ ውስጥ ይቆፍራል። ጂኦሎጂስት በእግሩ ሊዞር፣ የነባር ጉድጓዶችም መዝገብ ሊታይ ግድ ነው።

ተቆፍረው ደረቅ ስለሆኑት ጉድጓዶች መዝገብ አንድ የሥራ ኃላፊን ጠየቅሁ። «ሌላ ጊዜ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሱም።



በዳሮ ለቡም ሆነ በአጎራባች ወረዳዎች የቆፈራችሁ፣ የውሃ ኮሚቴ አባል የነበራችሁ፣ የደረቀውን ጉድጓድ ቦታና ጥልቀት ጽፋችሁ አኑሩልን። ቀጣዩ የቁፋሮ መኪና ከመምጣቱ በፊት የኤሌክትሮዶቹ ገመድ ይዘርጋ።