ፎቶግራፉ አለ፤ ገዢው ግን አላገኘውም

እ.ኤ.አ. በ2000 ድምፃዊት ጄኒፈር ሎፔዝ በግራሚ ሽልማት ላይ የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ጉግልን ቸግሮት ነበር። ፈላጊው የሚሻው ፎቶግራፉን ሆኖ ሳለ፣ ጉግል የሚያቀርበው ጽሑፍ ነበር። በ2001 የምስል መፈለጊያውን ከፈተ።

ዛሬ መፈለጊያው አለ፤ ችግሩ ወደ ሻጩ ዞሯል። ቡናውን በድረ ገጽ የሚያሳይ ላኪ ፎቶግራፉን ካሜራው በሰጠው ቁጥር ከሰቀለው መፈለጊያው ፍንጭ ያጣል። ፋይሉ በገዢው ቋንቋ «የታጠበ ይርጋጨፌ ቡና» ተብሎ ቢሰየም፣ ከምስሉ ጋር በሚያያዘው መግለጫም የሚታየው ነገር ባጭሩ ቢጻፍ ይረዳል። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ የለም። ቃላት መከመር ግን እንደ ማጭበርበር ያስቆጥራል። ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ ይህን ማን እንደሚሠራ በውሉ ላይ ቢያስጽፍ ይበጀዋል።

የባሰው ክብደቱ ነው። ባለ 4 ሜጋባይት ፎቶግራፍ በእጅ ስልክ እስኪከፈት ገዢው ሌላ ሱቅ ይገባል። ጉግልም ከ2018 ጀምሮ በእጅ ስልክ ፍለጋ ለገጽ ፍጥነት ዋጋ ይሰጣል፤ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ዌብፒ የተባለው የፋይል ዓይነት፣ እንደ ጉግል አባባል፣ በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ይቀልላል። የቆዩትን ፎቶግራፎች ለመቀየርም እንደገና ማንሳት አያስፈልግም።