ከፖስትግሬስ ጓዳ የወጣ ሹክሹክታ

ዴቢያንን ወደ አዲሱ ቨርዥን ያሻገረ አድሚን በማግስቱ ቅሬታ ይዞ ይመጣል፦ «ሁሉም ነገር ታድሷል፤ ፖስትግሬስ ብቻ አሮጌው ነው የሚሠራው። ረሳችሁት እንዴ?» አልረሳነውም። ፓኬጁን የምንይዝ ሰዎች አብዛኛው ድካማችን የሰውን ዳታ ላለመንካት ነው። ይህን ደግሞ ማንም አያወራውም፤ ሥራ አይመስልማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፖስትግሬስ አዲስ ዋና ቨርዥን የአሮጌውን የዳታ ፋይሎች አያነብም። ዴቢያን 12 ይዞ የመጣው 15ን ነው፣ ዴቢያን 13 ደግሞ 17ን። እንደ ሌላው ፓኬጅ አዲሱ አሮጌውን ቢተካው፣ ዳታቤዙ አልነሳም ብሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ 17 ከ15 ጎን ይጫናል። የየራሳቸው ፎልደር፣ የየራሳቸው ኮንፊግ አላቸው። አሮጌው 5432 ፖርቱን እንደያዘ ይቀጥላል፤ አዲሱ፣ ገና ባዶ የሆነው፣ 5433 ላይ ይቆማል።

ጣጣ ያለባት ይህች ባዶዋ ናት። የድሮውን ዳታ ወደ 17 ለማሻገር መጀመሪያ እሷ መጥፋት አለባት፤ ትዕዛዙ ፒጂ_ድሮፕክላስተር ነው፣ ቁጥር ይከተለዋል። እንቅልፍ እያዳፋው 17 ማለት ሲገባው 15 ብሎ የጻፈ ሰው... የቀረውን ባክአፑ ይናገር።

ከዚህ የባሰው ግን ከእኛ ፓኬጅ ውጭ የሚመጣው ነው። ፖስትግሬስ ጽሑፍን በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረድር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ጂሊብሲ የተባለውን የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28 የድርደራ ሕጉን ቀየረ። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ሎኬል «11» ከ«1-1» ይቀድም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «1-1» ይቀድማል። ለዚህ ማን ይጨነቃል? ኢንዴክሱ። እሱ በአሮጌው ተራ ተደርድሮ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ ፍለጋው ግን በአዲሱ ሕግ ይመጣና ባልተቀመጠበት ቦታ ያስሳል። ያለ ደንበኛ «የለም» ይባላል። አንዴ ብቻ መመዝገብ ያለበት ኢሜይል ሁለቴ ይገባል። የስህተት መልእክት የለም፣ ሎጉ ንጹሕ ነው። በ2019 ዴቢያን 10 ሲወጣ ይህ ጉድ አብሮ ገባ፤ ከፖስትግሬስ አንድ ፋይል እንኳ ያልነካ አድሚን ሳይቀር ሊደርስበት ይችል ነበር። እኛ ዳታውን አለመንካታችን እዚህ ላይ ምንም አልፈየደም።

አሁን ደግሞ ጠጋ በሉ። የማሻገሪያው ትዕዛዝ፣ ፒጂ_አፕግሬድክላስተር፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዳታውን በሙሉ አውጥቶ እንደ አዲስ ያስገባል። ቀርፋፋ ነው፤ ትልቅ ዳታቤዝ ያለው ሁሉ ያማርረዋል። ፈጣኑ መንገድ ፋይሎቹን እንዳሉ ነው የሚወስደው፣ የተዛባውን ኢንዴክስ ጭምር። ቀርፋፋው ግን ኢንዴክሱን ከመሠረቱ ስለሚሠራ ባለቤቱ ሳያውቀው ያድነዋል። «ለምን ፈጣኑን መጀመሪያ ምርጫ አታደርጉትም?» ለሚሉ፣ እኔ ብጠየቅ አላደርገውም።

ከ15 ጀምሮ ፖስትግሬስ ዳታቤዙ በየትኛው የድርደራ ቨርዥን እንደተፈጠረ ይመዘግባል፤ ላይብረሪው ሲቀየር ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ዴቢያን 13 ጂሊብሲን ከ2.36 ወደ 2.41 ስላሳደገው፣ 15ን ይዘው የተሻገሩ ሰዎች ማስጠንቀቂያውን በተገናኙ ቁጥር ያዩታል። ይሰለቻል። ማስጠንቀቂያውን ዝም የምታሰኝ አንዲት መስመር አለች፦ ሪፍሬሽ ኮሌሽን ቨርዥን። ሰው ከመልእክቱ ግርጌ ይቀዳትና ያስኬዳታል፤ ጸጥታ ይሆናል። እሷ ግን የምትቀይረው የተመዘገበውን ቁጥር ብቻ ነው፣ ኢንዴክሱን አትነካውም። መልእክቱ ራሱ መጀመሪያ ኢንዴክሱን እንደገና ሥሩ ይላል፤ እስከዚያ ድረስ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ሪኢንዴክስ ሳይደረግ እሷ ከቀደመች፣ ጥርጣሬ የነበረበት ኢንዴክስ እዚያው ይቀመጣል፤ ተተክቶ የሚመጣው አድሚን የሚያየው የተስተካከለ ቁጥር ነው።