በአደባባይ ቃል የሚያስገባ ማኅበር

በቴክሳስ ግዛት የምትገኘው የሳን አንቶኒዮ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ቤት ውስጥ ይገባ ነበር። ልጆችም ትምህርት ቤት የሚደርሱት በጭቃና በውኃ መካከል እየዳከሩ ነበር። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለመሥራት የተያዘው ዕቅድ ከ1945 ጀምሮ በከተማው መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ግን ቦዩ አልተቆፈረም። ነዋሪው ግብር ይከፍል፣ ድምፅም ይሰጥ ነበር። ሆኖም የከተማው ምክር ቤት አባላት በመላው የከተማው መራጭ ይመረጡ ስለነበር፣ ለዚያ ሰፈር ብቻ ተጠሪ የሆነ ሰው አልነበረም።

በ1974 «ኮፕስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ማኅበር የተመሠረተው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ዋና አደራጁ የከተማዋ ተወላጅ ኤርኔስቶ ኮርቴስ ነበር። የአደራጅነት ሙያውን የተማረው የማኅበረሰብ አደራጁ ሶል አሊንስኪ በ1940 ቺካጎ ውስጥ ባቋቋመው ድርጅት ነው። ኮርቴስ ሥራውን ሲጀምር የፖለቲከኞችን በር አላንኳኳም። የካቶሊክ አጥቢያዎችን እየዞረ ሰዎችን በየቤታቸው አነጋገረ፤ ምን እንደሚያስጨንቃቸውም ጠየቃቸው። ከዚህ ውይይት የወጡት መሪዎች የወላጆች ኮሚቴና የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲያስተባብሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም እናቶች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ሰፈሩ እንደገና በጎርፍ ተጥለቀለቀ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላት የከተማው ባለሥልጣናት ፊት ቀርበው የተረሳውን ዕቅድ አነሡ። በኅዳር ወር መራጩ ሕዝብ ለጎርፍ መውረጃ ሥራ የሚውል የ46.8 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ።

የማኅበሩ ዋና መሣሪያ ግን በምርጫ ሰሞን የሚጠራው የተጠያቂነት ስብሰባ ነው። አዳራሹ ከየአጥቢያው በመጡ አባላት ይሞላል። መድረኩን የሚመራው እጩው ሳይሆን ተለማምዶ የመጣ ተራ አባል ነው። ሰዓት የሚይዝ ሰው አለ፤ ዲስኩር አይፈቀድም። አንዲት እናት ማይክራፎኑን ይዛ የሰፈሯን ችግር በአጭሩ ትናገርና «ለዚህ ሥራ በጀት ለመመደብ ድምፅዎን ይሰጣሉ? አዎ ወይስ አይ?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ በሰው ሁሉ ፊት ይመዘገባል። ኮፕስ ማንንም እጩ «ምረጡት» አይልም። ማን ምን እንደመለሰ ለአባላቱ ያሳውቃል፤ ከምርጫው በኋላ ደግሞ ተመራጩን በገባው ቃል ይይዘዋል። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላም መሪዎቹ ተሰብስበው የተሳካውንና የጎደለውን ይገመግማሉ።

ቃል ሳይፈጸም ሲቀር ወይም ጥያቄው ሰሚ ሲያጣ ማኅበሩ ጫናውን ያጠነክራል። በ1975 የከተማዋ ባለሀብቶች ለማኅበሩ የበጀት ጥያቄ ጆሮ እንዲሰጡ ለማስገደድ፣ አባላቱ በአንድ ትልቅ ባንክ መስኮቶች ፊት ተሰለፉ። ዶላሩን በሳንቲም ዘረዘሩ፤ ሳንቲሙን መልሰው በዶላር ለወጡ። በአንድ ትልቅ መደብርም ልብስ እየለኩ ሳይገዙ መለሱ። ሁሉም ነገር በሰላምና በሕግ ውስጥ ነበር፤ የዕለቱ ንግድ ግን ተስተጓጎለ።

በ1977 ከተማዋ ምክር ቤቱን በወረዳ የመምረጥ ሥርዓት ስታጸድቅ ኮፕስ ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ቀጥሎ በተካሄደው ምርጫ ከአሥሩ የወረዳ ወንበሮች አምስቱን የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው፣ አንዱን ደግሞ ጥቁር ተመራጭ ያዙ። የምዕራቡ ሰፈርም በስሙ የሚጠየቅ ተወካይ አገኘ።

ይህ ሁሉ የቆመው በማኅበሩ ነጻነት ላይ ነው። ማኅበሩን የሚያኖረው እንደ ዕድር ሁሉ አባሎቹ የሚከፍሉት መዋጮ ነው፤ ይህን መዋጮ በዋናነት የሚከፍሉት አጥቢያዎቹ ናቸው። ከመንግሥት ገንዘብ ስለማይቀበል የሚጠይቀውን ባለሥልጣን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ለማንም ፓርቲ ታማኝነት አልማለም፤ ዛሬ የተከራከረውን ሰው ነገ በሌላ ጉዳይ ሊያግዘው ይችላል።

ኮፕስ ዛሬም ከሌላ ማኅበር ጋር ተጣምሮ ይሠራል። በየትም ከተማ ተመሳሳይ ሥራ መጀመር የሚፈልግ ሰው ከኮፕስ የሚወስደው ትልቁ ትምህርት የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ልማት እንፈልጋለን» ብሎ ለመጣ ሰው ማንኛውም ተመራጭ በፈገግታ «እሺ» ይለዋል። መንገዱን በስሙ፣ የበጀቱን መጠን በቁጥር፣ የማጠናቀቂያውን ጊዜ በቀን ጠርቶ በጎረቤቶቹ ፊት ለሚጠይቅ ሰው ግን ተመራጩ እውነተኛ መልስ መስጠት አለበት።