የፕላስቲክ ካርታ ስትገዙ
ቤት ውስጥ ቡና እየጠጡ ፖከር ሲጫወቱ የወረቀት ካርታ ብዙ አይቆይም፤ ጠርዙ ይላላጣል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። የታጠፈች አንዲት ካርታ ከጀርባዋ ስለምትለይ ጭቅጭቅ ታመጣለች። ስለዚህ ፕላስቲኩን እንመርጣለን። ታዲያ «በፕላስቲክ የተሸፈነ» የሚል ጽሑፍ እንዳያታልላችሁ፤ ውስጡ ወረቀት ነው። «100% ፕላስቲክ» የሚለውን ፈልጉ።

እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው የብራዚሉ ኮፓግ የፕላስቲክ ካርታውን ከፒ.ቪ.ሲ. ይሠራል። የአሜሪካው ኬም ሴሉሎስ አሲቴት ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ከፍ ይላል። ሁለቱም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላሉ። ለቤት ጨዋታ ኮፓግ ይበቃል እንላለን። ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶች ግን ከስሙ ይልቅ ቁጥሩ በትልቁ የተጻፈበትን ምረጡ። ጣት ለሚያስቸግራቸውም 63 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው የፖከር ካርታ 57 ሚሊ ሜትሩ ለመያዝ ይቀላል።