ያውቁ ኖሯል? የጨጓራ ካንሰር መድኃኒትና የእንጦጦ ብርድ
ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታከመው በአንድ ሳይሆን በተጣመሩ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ነው። ካንሰሩን የሚያጠቁበት መንገድ ስለሚለያይ አንዱ የሳተውን ሌላው ሊያገኘው ይችላል። ሕክምናው በሽታውን ነቅሎ የማጥፋት ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም ዕድሜን ያራዝማል፣ ሕመምን ያስታግሳል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከታወቁት ጥምረቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲንና ካፔሲታቢን ነው። የመጀመሪያው በየ21 ቀኑ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለ14 ቀናት ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ሲሆን ቀሪው 7 ቀን እረፍት ነው።

ኦክሳሊፕላቲን ግን ከብርድ ጋር አይስማማም። በተለይ መድኃኒቱ በተሰጠ ሰሞን ቀዝቃዛ ነገር መንካት ጣትን ያደነዝዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ጉሮሮ የታነቀ ይመስላል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚገኝበት፣ የእንጦጦ ብርድ በሚወርድበት ጉለሌ የሚኖሩ ታካሚ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጓንትና ሻርፕ አይለያቸው። ለመጠጥም ለመታጠቢያም ለብ ያለ ውሃ ይሻላቸዋል፤ እንጦጦ ወጥተው ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።

በሕክምናው ወቅት የታካሚው ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።