ዜሮ ዓመት እስከ መቼ?

«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ያየ ተመራቂ ወዲያው ደስ ይለዋል። ዝቅ ብሎ ሲያነብ ግን የምረቃ ዘመኑ ካቻምና ከሆነ አይመዘገብም፣ ዕድሜውም ከጣሪያው ማለፍ የለበትም። በጅምላ ሠልጣኝ የሚቀጥሩ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ገደብ ይወዳሉ። ታዲያ ከተመረቀ 3 ዓመት የሞላውና ቋሚ ሥራ ያላገኘ ልጅ የት ይመደብ? ለ«0 ዓመት» አርጅቷል፤ «አግባብነት ያለው 2 ዓመት» ለሚለው ደግሞ ገና ነው።

እጁን አጣጥፎ ከርሞ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ብዙዎቹ ግን ሲሠሩ ነው የከረሙት። በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ መርካቶ ውስጥ ለአንድ ጅምላ ነጋዴ ትሠራለች እንበል። የዕለት ሽያጭ ትመዘግባለች፣ የዱቤ ደብተሩን ከባንክ ገቢው ጋር ታስታርቃለች፣ በየወሩ ቫቱን ዲክሌር ታደርጋለች። ደመወዟን የምትቀበለው በእጅ ነው፤ ፔሮል ላይ ስሟ የለም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስታመለክት «ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» ትባላለች። ማኅተም ያለበት ደብዳቤዋ አይበቃም። ግብሩን ያልከፈለው ነጋዴው፣ ዜሮ የምትባለው እሷ!

መስፈርቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዘመድ ለዘመድ የሚጽፈው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስላስቸገረ ቀጣሪው ከግብር ቢሮ ምስክር ፈለገ። ማጣሪያው ይሠራል፤ የሚለየው ግን የአሠሪውን ግብር ከፋይነት እንጂ የልጅቷን ችሎታ አይደለም።

ቀጣሪዎች አዲስ ተመራቂን ለምን ይሸሻሉ ለሚለው የኢኮኖሚ ባለሙያው ጌሪ ቤከር በ1964 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ መልስ ሰጥቷል። የትም የሚያሠራ ሙያ ለማስተማር ድርጅት ኪሱን አይከፍትም፤ የተማረው ሠራተኛ ነገ ጎረቤት ሊቀጠር ይችላልና። ስለዚህ ሁሉም ሌላው እስኪያሠለጥን ይጠብቃል። የሚያሠለጥኑትም ዋስ ያስጠራሉ፣ የግዴታ ውል ያስፈርማሉ፣ ኦርጂናል ዲግሪ የሚይዙም አሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህንን ቋጠሮ አይፈታም። የሚመዝነው ክፍል ውስጥ የተማሩትን ነው።

ችሎታን በቀጥታ መፈተን እንደሚሻል እኔን የሚያሳምነኝ አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ ላይ የወጣው ጥናት ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ከፊሎቹ መሀል ከተማ ሄደው ማስታወቂያ እንዲያዩ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፣ ማመልከቻ አጻጻፍም ተማሩ። ከ4 ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ የተፈተኑት ገቢ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። (ጥናቱ ተመራቂዎችን ብቻ አልያዘም።)

ሕጉ ለሠራተኛው ያን ያህል ክፉ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው ሲለቅ ብቻ ሳይሆን በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። የመርካቶዋ ልጅ ብትጠይቅ ግን ነጋዴው ትዝ የሚለው ያልከፈለው የሥራ ግብር ነው፤ ደሞዟን በጽሑፍ ማስቀመጥ በራስ ላይ መመስከር ይሆንበታል። ስለዚህ ኳሱ ቀጣሪው ሜዳ ላይ ነው። ለጁኒየር አካውንታንት ቦታ የተዘበራረቀ የዱቤ ደብተርና የባንክ ስቴትመንት ሰጥቶ «አስታርቂ» ማለት ግማሽ ቀን አይፈጅም።