ከሐጀር ወደ ወርቃማ፦ ጥቁር የተቀባ ፀጉርን በቤት ውስጥ ማንጣትና የካርቱም ልማድ

ፀጉርን ማንጣት፣ በፀጉር ቤት አነጋገር ብሊች ማድረግ፣ በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ቀለም በኬሚካል ሰባብሮ የማስወገድ ሥራ ሲሆን፣ ወርቃማ የሚባለው መልክ የሚገኘውም ጥቁሩ ተነሥቶ የፀጉሩ የራሱ ፈዛዛ ቢጫነት ብቻ ሲቀር ነው። ተፈጥሯዊ ጥቁር ፀጉርን የሚያነጣ ሰው የሚታገለው ፀጉሩ አብሮት ከበቀለው ቀለም ጋር ብቻ ነው፤ ቀደም ብሎ ጥቁር በተቀባ ፀጉር ላይ ግን ጠባያቸው የማይመሳሰል ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቀለም ተደራርቦ ይገኛል። በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ይህ መደራረብ ከብዙ ከተሞች ይልቅ የተወሳሰበ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የከተማይቱ ሴቶች ፀጉራቸውን፣ እጃቸውንና እግራቸውን ሲያጠቁሩ የኖሩት ሂና ከተባለው የቅጠል ዱቄትና በአረብኛ ሐጀር፣ ማለትም ድንጋይ፣ ከሚባል ኬሚካል በተበጠበጠ ውህድ ነው።

ሂና ሎውሶን የተባለ ብርቱካናማ ቀይ ቀለም የያዘ ሲሆን፣ ይህ ቀለም ኬራቲን ከተባለው የፀጉር ፕሮቲን ጋር ተቆራኝቶ የሚቀር ነው። ኢትዮጵያውያን ለእጅና ለእግር ከሚጠቀሙበት እንሶስላ ጋር ሥራው ቢቀራረብም ተክሉ ሌላ ነው። ሂና ብቻውን ሲሆን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ ማደር ይፈልጋል፣ መልኩም ወደ ቀይ ያደላል እንጂ ጥቁር አይሆንም። ሐጀር ሲገባበት ግን በአጭር ጊዜ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ይወጣዋል፤ በሱዳን ሠርግ በሙሽራዋ እጅና እግር ላይ የሚታየው ጥቁር ሐረግም ብዙ ጊዜ የሚሣለው በዚሁ ውህድ ነው።

ሐጀር የተባለው ነገር የኬሚስቶች ስሙ ፓራፌኒሊን ዳያሚን፣ በአሕጽሮት ፒፒዲ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦገስት ቪልሄልም ፎን ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1863 የማቅለም ጠባዩን እንደ ገለጠ ይነገራል፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በፓሪስ ኢዩዤን ሹለር የተባለ ወጣት ኬሚስት ሰው ሠራሽ የፀጉር ቀለም አዘጋጅቶ ለፀጉር ሠሪዎች መሸጥ ጀመረ፣ በ1909 የመሠረተው ኩባንያም በኋላ ሎሬያል ተባለ። ዛሬ በካርቶን ታሽገው የሚሸጡት ጥቁር የፀጉር ቀለሞች አብዛኞቹ ፒፒዲን ወይም የቅርብ ዘመዱን የያዙ ናቸው፤ ነገር ግን መጠኑ ተለክቶ የተወሰነ ሲሆን፣ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በፀጉር ላይ በሚቀባው ውህድ ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከቅመምና ከሽቱ ሻጭ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚገዛው ሐጀር እንዲህ ያለ ልክ የለውም፤ የሚጨመረውም በማንኪያና በግምት ነው።

የዚህ ነገር አደጋ ለካርቱም ሐኪሞች የቆየ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የከተማይቱ ሐኪሞች በሂናና በፒፒዲ ድብልቅ ስለተመረዙ ሕፃናት በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል፤ በ1995ም ሌሎች የሱዳን ሐኪሞች በአሥር ዓመት ውስጥ ያከሟቸውን 150 የፒፒዲ መመረዝ ሕሙማን የሚመለከት ጽሑፍ አሳትመዋል። ወደ ሆድ የገባ ፒፒዲ በሰዓታት ውስጥ ፊትን፣ አንገትንና ምላስን አሳብጦ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል፤ ከዚያም ጡንቻን እየሰባበረ ሽንትን ያጠቁራል፣ ኩላሊትንም ሥራ ያስፈታል፤ የተለየ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በፀጉር ላይ የተቀባ ቀለም በአብዛኛው እዚህ ደረጃ ባያደርስም፣ በቤት ውስጥ ሳይከደን የተቀመጠ ትራፊ ሕፃናትን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ፣ ጥቁሩን ትታ ወርቃማ ለመሆን የወሰነች ሴት ከማናቸውም ነገር በፊት ልታደርገው የሚገባው የተረፈውን ሐጀር ከቤቷ ማስወገድ ነው።

ፀጉር በቅርበት ሲታይ ውጫዊው ሽፋኑ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ቀጫጭን ሰሌዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ቀለሙ የሚኖረው ከእነዚህ ሥር ባለው ወፍራም ክፍል፣ ኮርቴክስ በሚባለው ውስጥ ነው። ፒፒዲ ሲቀባ ጥቃቅን ሞለኪውሎቹ በቅርፊቶቹ መካከል ሾልከው ይገባሉ፤ ውስጥ ከገቡ በኋላ በኦክስጅን ኃይል እርስ በርሳቸው ተያይዘው ወደ ትልቅ ጥቁር ሞለኪውል ይለወጣሉ፣ በገቡበት ቀዳዳም ተመልሰው መውጣት ይሳናቸዋል። ሻምፑ የማያለቅቀው ለዚህ ነው። በላዩ ላይ ወርቃማ የተባለ ቀለም መደረብም ከንቱ ነው፤ በፀጉር ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ሕግ ቀለም ቀለምን አያነሣም የሚል ሲሆን፣ የካርቶን ቀለም በሥር የበቀለውን አዲስ ፀጉር ጥቂት ሲያነጣ የተቀባውን ክፍል እንደ ነበረ ስለሚተወው፣ ውጤቱ ሥሩ ብርቱካናማ ጫፉ ጥቁር የሆነ ፀጉር ነው። በቤት ውስጥ ከሚደርሱት ስሕተቶች ሁሉ ይህ ሳይበዛ አይቀርም።

የተቀባን ጥቁር ለማንሣት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ቀለም ማውጫ የሚባለው ምርት ሲሆን፣ ድኝ ባለባቸው ኬሚካሎች አማካይነት የተያያዙትን የቀለም ሞለኪውሎች መልሶ በማሳነስ በውኃ ታጥበው እንዲወጡ ያደርጋል፤ የፀጉሩን የራሱን ቀለም ስለማይነካ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል መሆኑና ለብዙ ደቂቃዎች በብዙ ውኃ መታጠብ መፈለጉ ግን መታወቅ አለበት፤ በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ፀጉር አየር ሲያገኘው ሞለኪውሎቹ ዳግመኛ ተያይዘው በማግስቱ ይጠቁራል። ይህ መንገድ የሚሠራው በፒፒዲ ዓይነት ቀለም ላይ ብቻ ነው፤ ከኬራቲን ጋር የተቆራኘውን ሂና አያነቃንቀውም።

ሁለተኛው መንገድ ብሊች ነው። መሠረቱ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ፣ በፀጉር ቤት ኦክስጅን የሚባለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ዣክ ቴናር እ.ኤ.አ. በ1818 አግኝቶታል፤ ለፀጉር ማንጫነት የታወቀው ደግሞ በ1867 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነው። ጥንካሬው ቮልዩም በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ 20 ቮልዩም ማለት አንዱ ሊትር ፈሳሽ ሲፈርስ 20 ሊትር የኦክስጅን ጋዝ ይሰጣል ማለት ሲሆን ይህም በመቶኛ 6 ነው፣ 30 ቮልዩም 9 በመቶ፣ 40 ቮልዩም 12 በመቶ ይሆናል። ኦክስጅኑ ብቻውን ደካማ ስለሆነ ፐርሰልፌት ከሚባሉ ጨዎች ከተዘጋጀ ዱቄት ጋር ይበጠበጣል፤ ብጥብጡ ቅርፊቶቹን ከፍቶ ይገባና የተቀባውንም የተፈጥሮውንም ቀለም ሳይለይ ይሰባብራል። ችግሩ ለፀጉር ጥንካሬ የሚሰጡትን የድኝ ማሰሪያዎችም አብሮ መበጠሱ ነው፤ 40 ቮልዩም በቤት ውስጥ ቦታ ሊኖረው የማይገባውም ለዚህ ሲሆን፣ ጊዜን ለመቆጠብ ብለው የሚገዙት ሰዎች የሚያተርፉት የተቆራረጠ ፀጉር ነው።

ጥቁር ፀጉር በአንድ ዝላይ ወርቃማ አይሆንም። መጀመሪያ ወደ ጥቁር ቡኒ፣ ከዚያ ወደ ቀይ፣ ወደ ብርቱካናማ፣ ወደ ቢጫ እየተሸጋገረ በመጨረሻ የሙዝ ልጣጭ የውስጡን የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ላይ ይደርሳል፤ ፈካ ያለ ብሎንድ የሚባለው መልክ ከዚህ የመጨረሻ ደረጃ በፊት አይገኝም። በየትኛውም ደረጃ ላይ የቆመ ሰው የቀረውን ያልተፈለገ መልክ ቶነር በሚባል ቀላል ቀለም ሊያርመው ይችላል፤ ሰማያዊ ብርቱካናማውን፣ ወይን ጠጅ ደግሞ ቢጫውን ያጠፋል። ብርቱካናማ ላይ የቆመን ፀጉር በወይን ጠጅ ሻምፑ ብሎንድ ለማድረግ መሞከር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከካርቱም ልማድ አንጻር ይበልጥ መፈራት ያለበት ሂናው ነው። ንጹሕ ሂና ብሊች ሲነካው ቀስ እያለ ቢለቅቅም ብርቱካናማው ግትር ነው። ኢንዲጎ ከተባለው የሰማያዊ ተክል ዱቄት ጋር ተደባልቆ እንደ ሆነ ፀጉሩ ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሂና ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት የእርሳስ፣ የመዳብ ወይም የብር ጨው የተጨመረበት ከሆነ ነው፤ እነዚህ ብረቶች ከኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ብርቱ ሙቀት ስለሚፈጥሩ ፀጉሩ በራስ ላይ እንዳለ ሊጨስና ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከማበጠሪያ ላይ በተሰበሰበ ጥቂት ፀጉር ነው፤ በብርጭቆ ውስጥ 20 እጅ ባለ 6 በመቶ ኦክስጅን ከ1 እጅ አሞኒያ ጋር ተደርጎ ፀጉሩ ለግማሽ ሰዓት ይነከርበታል። ብርጭቆው ከሞቀ፣ ፈሳሹ ከፈላ፣ ወይም ፀጉሩ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ሲጎተት እንደ ሙጫ ከተለጠጠ ሐሳቡ እዚያው ይተዋል። ምንም ካልሆነ ደግሞ ከማጅራት በኩል ካለ የተደበቀ ዘለላ ላይ ብሊቹ ራሱ ይሞከርና ምን ያህል ጊዜ ምን ያህል እንዳነሣ በሰዓት ይለካል።

የካርቱም አየርም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በብሊች ካርቶን ላይ የተጻፈው ደቂቃ ግን ለመካከለኛ ሙቀት የተሰላ በመሆኑ በሞቀ ክፍል ውስጥ ሥራው ይፈጥናል፣ ብጥብጡም ቶሎ ይደርቃል። ለራስ ቆዳ ቅርብ የሆነው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ፀጉር ከሰውነት ሙቀት የተነሣ ከሌላው ቀድሞ ስለሚነጣ መጨረሻ ላይ ይቀባል። ከርካር የሚባለው፣ ከሰሊጥ ዘይትና ከእንስሳት ስብ የተዘጋጀ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት የሱዳን የፀጉር ቅባት ጥቅጥቅ ብሎ የተቀባ እንደ ሆነ ብሊቹ እኩል እንዳይዳረስ ስለሚያደርግ ከአንድ ቀን በፊት መታጠብ ይኖርበታል። የተጠቀለለ ፀጉር በየመታጠፊያው ስለሚሳሳ ከዘርፋፋው ይልቅ ቶሎ ይሰበራል፤ ሪላክሰር በሚባለው የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተለሰለሰ ከሆነማ ማሰሪያዎቹ አስቀድመው የተነኩ ስለሆኑ ብሊች ጨርሶ አይደረብበትም።

በካርቱም ፀጉር የቤት ጉዳይ ሆኖ የኖረበት ምክንያት ኬሚስትሪ ብቻ አይደለም። የሴቶችን አለባበስ ይቈጣጠር የነበረው የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 እስኪሻር ድረስ በአደባባይ ፀጉርን መግለጥ ሊያስቀጣ ይችል ስለነበር፣ የፀጉር ጌጥ ቶብ በሚባለው የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ ሥር ተሸፍኖ ለቤተሰብና ለሴቶች ግብዣ የሚቀርብ ነገር ነበረ፤ መሻጣ የሚባሉ ፀጉር ሠሪ ሴቶችም ቤት ለቤት እየዞሩ ይሠሩ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ይኖሩበት በነበረው በዴም ሠፈር የሐበሻ ፀጉር ቤቶች ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ከተማይቱን ሲያፈርስ የሠፈሩ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ተበታተኑ።

ቤት ውስጥ ለመሥራት የቈረጠ ሰው መስኮት መክፈት ይኖርበታል፤ የፐርሰልፌት ዱቄት አቧራ ሲተነፍሱት አስም እንደሚያስነሣ በፀጉር ሠሪዎች ላይ የታወቀ ነው። ሐጀር በቆዳው ላይ አሳክኮት ወይም አቁስሎት የሚያውቅ ሰው ማናቸውንም ጥቁር ቀለም፣ ጠቆር ያለ ቶነርንም ጭምር፣ መሸሽ አለበት፤ አንድ ጊዜ በፒፒዲ የተቈጣ ቆዳ በቀጣዩ ጊዜ የባሰ ይቈጣልና። ሌላውም ሰው ቢሆን ጥቂት ቶነር በክንዱ መታጠፊያ ቀብቶ 48 ሰዓት ይጠብቅ። ብሊቹን በአንድ ቀን ደጋግሞ ከመቀባት ይልቅ በሳምንታት ልዩነት ከፋፍሎ መሥራት፣ በየመካከሉም ብርቱካናማውን በቶነር ወደ ቡኒ እየመለሱ መቆየት የተሻለ ነው።

ለዓመታት የሂናና የሐጀር ውህድ የተቀባ ረጅም ፀጉርን በተመለከተ ግን ፍርዱ ቁርጥ ያለ ነው፤ በቤት ውስጥ ወደ ብሎንድ አይወሰድም። በውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም ባለቤቷም በትክክል አያውቁትም፣ ቀለም ማውጫው ግማሹን ብቻ ያነሣል፣ ብሊቹም ቀሪውን ሳያነሣ ፀጉሩን ይጨርሰዋል። ቡኒ ወይም የመዳብ መልክ ላይ መቆም ለሚበቃት ሴት ጥሩ ስምምነት ነው፤ ወርቃማውን የግድ ለምትሻ ደግሞ የተቀባውን እየቈረጡ አዲሱን ማሳደግ ይቀራል። ፀጉር በወር በአማካይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ስለሚያድግ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቀለም ያልነካው ፀጉር ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል።